ፓምፑን ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቱን ለኩ፦ የድሮ ተርቦ ስባሩ ነዳጅ ፓምፕ አቀያየር

መኪናዬ የ2002 ስባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ናት። ሁለት ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋ) ያላት። ከፋብሪካ ስትወጣ 227 የፈረስ ጉልበት ነበራት። እኔ ጋ ስትደርስ 140 ሺህ ማይል ሄዳለች። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ አገር በረዶም ተራራም ስላለ ስባሩ መንገዱን ሞልቶታል።

ከ2004 ኤስቲአይ፣ ጉልበቷ ከሚበልጠው እህቷ፣ የወጣ ቪኤፍ39 የሚባል ትልቅ ተርቦ አገኘሁና ገጠምኩላት። ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችም በትልልቅ ቀየርኩ። ፓምፑ ግን ያው የፋብሪካው ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው ፓምፕ ትልቅ ተርቦ ሊቀልብ አይችልም ብዬ አዲስ ለማዘዝ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ከማዘዜ በፊት አዲስ አበባ ለአጎቴ ደወልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ካቻቢቴ ከፒንሳ የለየሁት እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ የነዳጅ ፓምፕ ልቀይር ነው» አልኳቸው።

«ቮልቱን ለክተሃል?»

አልለካሁም።

«ታዲያ ፓምፑ ምን አጠፋ?»

ይሄ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው። ፓምፕ ማለት ሞተር ነው። የሚሽከረከረው በደረሰው ቮልት ልክ ነው። ሃያ ዓመት በቆየ ቀጭን ሽቦና በዛገ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመልሰው መስመር) በኩል መብራት ለሚያገኝ ፓምፕ አዲስ ፓምፕ ብትተኩለት፣ አዲሱም ያንኑ ረሃብ ይወርሳል። እንዲያውም ትልቁ ፓምፕ ብዙ አምፒር ስለሚስብ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት ይብሳል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። የምናገረው ስለ ቤንዚን መኪና ነው። አገር ቤት ተርቦ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አይሱዙ ወይም ናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። የናፍጣ ፓምፕ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ የተጻፈው አይሠራበትም።

ስንት ሊትር ይበቃል?

ፓምፕ የሚሸጠው በሰዓት በሚገፋው ሊትር ነው። 190 አለ፣ 255 አለ፣ 340 አለ፣ 450 አለ። ትልቁን መግዛት ያጓጓል። ግን ሒሳቡ ቀላል ነው፣ በወረቀት ሥሩት።

ተርቦ ያለው ቤንዚን ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ቤንዚን ይበላል። የእኔ ምኞት 300 ፈረስ ነበር። 300 በ270 ሲባዛ 81 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በሰዓት 110 ሊትር ግድም። ሃያ በመቶ መጠባበቂያ ብትጨምሩ 132።

«ታዲያ 255 ለምን ይገዛል?» ትሉ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው በ40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ግፊትና በ13.5 ቮልት ስለሆነ ነው። የእኔ መኪና ሬጉሌተር፣ የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ መነሻው 43.5 ፒኤስአይ ነው። ተርቦው 17 ፒኤስአይ ሲነፋ ሬጉሌተሩ ያንን ይጨምርበታል። ፓምፑ የሚገፋው ከ60 ፒኤስአይ ጋር እየታገለ ነው ማለት ነው። ግፊት ሲጨምር የሚያልፈው ሊትር ይቀንሳል። ቮልት ሲጎድል ደግሞ እንደገና ይቀንሳል። እና 255 የተባለው ፓምፕ እናንተ መኪና ላይ 255 አይሆንም።

ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ነዳጅ) ለመሙላት ካሰባችሁ ከ30 እስከ 40 በመቶ ተጨማሪ ፈሳሽ ያስፈልጋል። የእኔ 110 ሊትር ወደ 150 ይጠጋል ማለት ነው። ፓምፑም ለኢታኖል የተሠራ መሆን አለበት።

450ውን ለምን አልገዛሁም? ሞተሩ የማይበላውን ነዳጅ ሁሉ ሬጉሌተሩ ወደ ታንክ መመለስ አለበት። የፋብሪካው መመለሻ ቧንቧ ቀጭን ነው። ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ያቅተዋል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ብቻውን ነዳጅ ይበዛበታል። ያ ሁሉ ነዳጅ እየዞረ ሲመለስ ታንኩንም ያሞቀዋል። ለ300 ፈረስ 255 ወይም 265 በቂ ነው። እኔ 265 ሊትር የሚገፋ፣ ለስባሩ ተብሎ የተሠራ ፓምፕ ገዛሁ።

ያም ሁለተኛው ግዢዬ ነው። መጀመሪያ ዋጋው የሌላው ግማሽ የሆነ «ዋልብሮ 255» ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ አዝዤ ነበር። ሲመጣ ጽሑፉ በጨረር የተቀረጸ ሳይሆን የታተመ ነበር፤ በጥፍሬ ስፍቀው ለቀቀ። የዋልብሮ ፓምፕ አስመስሎ መሥራት የታወቀ ነገር ነው። ከተፈቀደለት አከፋፋይ ካልሆነ አትግዙ። ታንክ ውስጥ ገብቶ የማይታይ ዕቃ ላይ 60 ዶላር ማትረፍ ትርፍ አይደለም።

መለካት

ሁለት ነገር ይለካል፦ ግፊትና ቮልት።

ለግፊቱ፣ በዚህ መኪና የነዳጁ ፊልትሮ ኮፈኖው ሥር በሹፌሩ በኩል አለ። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ጎማ ላይ ባለ ሦስት መንገድ ማገናኛ አስገብታችሁ ጌጁን ታስራላችሁ። ሞተሩ እየሠራ ከሬጉሌተሩ ላይ ያለችውን ቀጭን የቫኪዩም ጎማ ንቀሉና ጫፏን ድፈኑ። 43.5 አካባቢ ማንበብ አለበት። ጎማዋን መልሱ፤ ይወርዳል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያሉ ሰዎች 33 ወይም 34 ይላሉ። እኔ 36 ግድም አነባለሁ። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚፈጥረው ቫኪዩም ያንሳል፣ ሬጉሌተሩም ያን ያህል ወደ ታች አይሳብም። አዲስ አበባ ቢሆን ቁጥሩ ከዚህም ትንሽ ከፍ ይላል።

ቆሞ መለካት ግን ግማሽ ሥራ ነው። ደካማ ፓምፕ ቆሞ ሲሠራ ጨዋ ነው። የሚጋለጠው በጭነት ነው። የኤሌክትሪክ ጌጅ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ የሜካኒካሉን ጌጅ በውጭ በኩል የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር አጥብቁት። ነዳጅ የያዘ ጎማ ወደ ሹፌር ክፍል አታስገቡ፤ በፍጹም። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ስጡ፣ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ተርቦው አንድ ፒኤስአይ ሲጨምር የነዳጁም ግፊት አንድ መጨመር አለበት። ተርቦው 15 ከነፋ ጌጁ 58 ወይም 59 ማለት አለበት። የእኔዋ በደቂቃ 5,500 ዙር ድረስ ተከተለች፣ ከዚያ 53 ላይ ቆማ ወደ ታች ጀመረች። ወዲያው እግሬን አነሳሁ። ነዳጅ እየጎደለው ግፊት የሚነፋበት ሞተር ፒስተን ያቀልጣል፤ «እስቲ ትንሽ ልየው» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ቮልት። የኋላውን መቀመጫ ታነሳላችሁ። በቀኝ በኩል ክብ የብረት ክዳን አለ፤ ከሥሩ የፓምፑ ሶኬት ይታያል። ሶኬቱን ሳትነቅሉ ከጀርባው ቀጭን መርፌ አስገብታችሁ ቴስተሩን ታገናኛላችሁ።

እዚህ ላይ ስባሩ ትሸውዳችኋለች። ይሄ መኪና የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለው። ሳጥኑ ፓምፑን በሦስት ደረጃ ያሠራዋል፦ 33 በመቶ፣ 66 በመቶ፣ 100 በመቶ። የሚያደርገው መብራቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ቴስተሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ጤነኛ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ «አገኘሁት!» ብዬ ለጋሼ ደወልኩ። «መኪናው ሥራ ላይ እያለ ነው የለካኸው ወይስ ተኝቶ?» አሉኝ። ተኝቶ። ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

በጭነት መለካት አለበት። የቴስተሩን ገመዶች አስረዘምኩ፣ ጓደኛዬን አጠገቤ አስቀመጥኩ፣ ወጣን። ሙሉ ነዳጅ ስሰጥ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት አለ። ፓምፑ ላይ 11.4። ሁለት ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት ቀረ? ይሄን ለማወቅ ቴስተሩን አዟዙሩት። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ማሳ ላይ አድርጉና በጭነት አንብቡ። ጤነኛ ማሳ ላይ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። የእኔ 1.1 አለ። ማሳው ቦዲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ስፈታው ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አዲስ ጫፍ ጨመቅኩበት፣ ግሪስ ቀብቼ አሰርኩት። በአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራና በሁለት ዶላር ዕቃ ፓምፑ ላይ ያለው ቮልት ከ11.4 ወደ 12.4 ወጣ። ያው አሮጌው ፓምፕ፣ ያው መንገድ፣ ግፊቱ እስከ 6,200 ዙር ተከተለ።

ተርቦውን ባልቀይር ኖሮ ሥራው እዚህ ያበቃ ነበር። የፋብሪካው ተርቦ ያላችሁ ሰዎች ከዚህ በላይ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እኔ ግን ተርቦው ላይ ገና ግፊት ልጨምር ስለነበር ቀጠልኩ።

ማውጣት

ይሄን ሥራ ውጭ ሥሩት። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለ፤ ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ ነበልባል አለችው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ያገኛታል። ለቤንዚን እሳት የሚሆን ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። የሚሞቅ የአምፖል መብራት አትጠቀሙ። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ቡና እንዲያፈላ ላኩት።

ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን ጀምሩ። ታንኩ ወደ 60 ሊትር ይይዛል፤ ሙሉ ከሆነ ክዳኑ ሲከፈት ነዳጁ አፉ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግፊቱን አስወጡ። የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈቱ። የፓምፑን ሶኬት ንቀሉና ሞተሩን አስነሡ። ጥቂት ሠርቶ ራሱ ይጠፋል። አንድ ሁለቴ ደግማችሁ አሽከርክሩት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ይሄን ዘልላችሁ ቧንቧ ከነቀላችሁ ነዳጁ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። መነጽር አድርጉ።

ከክዳኑ ሥር ያለውን አቧራ መጀመሪያ በቫኪዩም ጥረጉት። የሃያ ዓመት አሸዋ አለ። ካልጠረጋችሁት ታንክ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቧንቧዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ወደ ሞተር ይሄዳል፣ አንዱ ከሞተር ይመለሳል፣ አንዱ ከታንኩ ሌላኛው ጎን ይመጣል። ይሄ የመጨረሻው ለምን እንዳለ ላስረዳ። ስባሩ አራቱም ጎማ ስለሚገፋ የኋላው ዘንግ ታንኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ኮርቻ ይመስላል። ፓምፑ ያለው በቀኝ ብቻ ነው። የግራውን ነዳጅ ወደ ቀኝ የሚያሻግረው ተመላሹ ነዳጅ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚፈጥረው መሳብ ነው። ቧንቧዎቹን ብታቀያይሩ መኪናው ግማሽ ታንክ ነዳጅ ይዞ «ነዳጅ አልቋል» ይላችኋል።

ቧንቧዎቹ ደርቀው ከሆነ በኃይል አትጎትቱ። እያዟዟራችሁ አላቅቁ፣ የሚንጠባጠበውን በጨርቅ ተቀበሉ። በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ዳዶዎች ፍቱ። የዛጉ ከሆኑ ከአንድ ቀን በፊት ዘይት ርጩባቸው፤ ታንኩ ላይ የቆመው ብሎን ከተሰበረ ጣጣው ብዙ ነው። ሁሉንም ስትፈቱ ሙሉው ማቀፊያ ከነፓምፑ ይወጣል። ቀጥ አድርጋችሁ አትጎትቱት። የነዳጅ መለኪያዋ ተንሳፋፊ ከነክንዷ አለች፤ ታጣምሟትና ጌጃችሁ እስከ ዕለተ ሞታችሁ ይዋሻል። ጋደል አድርጋችሁ፣ እያዟዟራችሁ አውጡ። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

ከማቀፊያው ክዳን ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (የጎማ ማሸጊያ) ነዳጅ ስለጠጣ ያብጣል። አውጥታችሁ መልሳችሁ ልግጠም ብትሉ አይገባም። ለአንድ ቀን ካደረቃችሁት ይመለሳል። ግን አዲስ ግዙ፤ ውድ አይደለም።

መግጠም፣ እና የእኔ ስህተት

አሮጌው ፓምፕ ከማቀፊያው ላይ በፕላስቲክና በጎማ ተይዟል። በአጭር ጎማ ከላይኛው ቧንቧ ጋር ይገናኛል። ከታች ወንፊቱ አለ። ወንፊቱን ሁልጊዜ አዲስ አድርጉ፤ ሲገባም በአሮጌው አቅጣጫ መተኛት አለበት። ጠምዝዛችሁት ወደ ላይ ካየ፣ ታንኩ ሩብ ሲሆን መዞሪያ ላይ አየር ይስባል። ከፓምፑ ጋር የሚመጣውን የጎማ ትራስም አትተዉ፤ እሱ ከሌለ ፓምፑ ሲጮኽ ኋላ የተቀመጠ ሰው ንብ የገባ ይመስለዋል።

አሁን ያቺ አጭር ጎማ። ሰባት ሳንቲሜትር አትሆንም። ኪቱ ውስጥ የመጣችው ትንሽ አጠረችብኝ። ሳጥኔ ውስጥ «የነዳጅ ጎማ» የተባለ፣ ለኮፈኖ ሥር የሚሆን ጥሩ ጎማ ነበረኝ። ቆረጥኩ፣ በፋሼታ (በጎማ ማሰሪያ ቀለበት) አሰርኩ፣ ዘጋሁ። ለሦስት ሳምንት መኪናዋ ትበር ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ኢንተርስቴት 70ን ይዘን ወደ አይዘንሃወር ዋሻ እየወጣን ነው። ዋሻው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ረዥም ነው። ባለቤቴ አጠገቤ፣ ልጆቹ ኋላ። መኪናዋ መንተፋተፍ ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ትንቃለች፣ ስጨምር ትሞታለች። ዳር ይዤ ቆምኩ። ቆማ ስትሠራ ምንም የላትም። ጭነት ላይ ብቻ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በጭነት መኪኖቹ መስመር፣ እንደ ኤሊ ወጣን። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ድሮ እኮ ትወጣ ነበር።»

ቤት ደርሼ ሳወጣው ጎማዋ አብጣ፣ ለስልሳ፣ በቁመቷ ተሰንጥቃለች። ፓምፑ ነዳጁን ወደ ሞተር ሳይሆን መልሶ ወደ ታንኩ ነበር የሚረጨው። ተራ የነዳጅ ጎማ ከውስጥ ነዳጅ እንዲያልፍበት እንጂ ከውጭ ነዳጅ ውስጥ እንዲጠልቅ አልተሠራም። ታንክ ውስጥ የሚገባ ጎማ ላዩ ላይ «ኤስኤኢ 30 አር 10» የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። አር 7 ወይም አር 9 የሚል ከሆነ ታንክ ውስጥ አይገባም። አር 10 ውድ ነው፤ አንድ ጫማ ገዝታችሁ አሥር ሳንቲሜትር ትጠቀማላችሁ። ግዙት። ፋሼታውም ጎማውን እንደ ምላጭ የሚቆርጠው ባለ ቀዳዳው ዓይነት ሳይሆን ለስላሳ ጠርዝ ያለው የነዳጅ ፋሼታ ይሁን።

ሽቦውም እንደዚያው ነው። ታንክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አይጠመጠምም፤ ሙጫው ይሟሟና ወንፊቱን ይደፍናል። ከፓምፑ ጋር የመጣውን ሶኬት ተጠቀሙ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ከተገለበጠ ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ግፊት ግን የለም። ብዙ ሰው በዚህ ግማሽ ቀን አቃጥሏል።

ዳዶዎቹን ስትመልሱ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፣ በጉልበት ይበጠሳሉ።

አዲሱ ሽቦ

ማሳውን ጠግናችሁ አዲሱ ፓምፕ ከገባ በኋላ እንደገና በጭነት ለኩ። ፓምፑ ላይ 13 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ሽቦውን አትንኩት። የእኔ 12.1 ሆነ፤ አዲሱ ፓምፕ ብዙ ስለሚስብ ከ12.4ቱ ወረደ። ከ12 ወደ 13.5 ስትወጡ ያው ፓምፕ ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል። ለዚያ ስል አዲስ መስመር ሳብኩ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ሽቦ፣ በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ቁጥሩ 10 የሆነ፣ እስከ ኋላ ይሳባል። ባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ 20 አምፒር ፊውዝ ይገባበታል። ፊውዙ ኋላ ቢሆን ትርጉም የለውም፤ መኪናው ተጋጭቶ ሽቦው ቦዲ ከነካ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሁሉ ክብሪት ነው። ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ መከላከያ ይግባ።

ኋላ ላይ ባለ 30 ወይም 40 አምፒር ሪሌ (በትንሽ መብራት ታዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ታስራላችሁ። የሪሌው እግሮች ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ከባትሪ የመጣው 30 ቁጥር ላይ ይገባል። ከ87 ወደ ፓምፑ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 85 ወደ ማሳ። 86 ሪሌውን የሚቀሰቅሰው መብራት የሚመጣበት ነው። የፓምፑም ማሳ በአዲስ ወፍራም አጭር ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ቦዲ ላይ ይታሰር።

86 ላይ ተጠንቀቁ። ሌሎች መኪኖች ላይ አሮጌውን የፓምፕ ሽቦ እዚያ ትሰኩታላችሁ፣ አለቀ። ስባሩ ላይ አይሆንም። ያ ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን የሚመጣ፣ እየበራ የሚጠፋ መብራት ነው፤ ሪሌው እንደ ታይፕራይተር ይንጫጫና ይቃጠላል። መቀስቀሻውን መውሰድ ያለባችሁ ከሳጥኑ በፊት፣ ከፋብሪካው የፓምፕ ሪሌ ወደ ሳጥኑ ከሚሄደው መስመር ነው።

ከቁልፉ በቀጥታ የሚወስዱም አይቻለሁ። ተዉት። የፋብሪካውን ሪሌ የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን ያጠፋል። በቀጥታ ከቁልፉ ካገናኛችሁት በአደጋ ጊዜ መኪናው ተገልብጦ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

እንዲህ ስታደርጉ ፓምፑ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ሦስቱ ደረጃዎች ቀርተዋል። ስለዚህ ቆሞ ሲሠራ ግፊቱን መልሳችሁ ለኩ። የእኔዋ 36 የነበረው 38 ሆነ፤ ሬጉሌተሩ ትንሽ ተጨናንቋል፣ ግን ኮምፒውተሩ የረዥም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን 4 በመቶ ቀንሶ ቻለው። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩንም መቀየር ወይም ወደ ሳጥኑ መመለስ ነው።

ከመንዳት በፊት

ባትሪውን መልሱ። ቁልፉን አብሩ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ አጥፉ። አራት አምስት ጊዜ ድገሙ። በየመሐሉ ክዳኑ ሥር፣ ፊልትሮው ጋ፣ ጌጁ ያለበት ቦታ በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥበት ካለ ሞተሩን አታስነሡ። ከተነሣ በኋላም ሃያ ደቂቃ ቆሞ ይሥራ፣ መልሳችሁ ዳብሱ። የኋላውን መቀመጫ ያኔ ብቻ መልሱ።

ከዚያ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ሦስተኛ ማርሽ። የእኔዋ 17 ፒኤስአይ ስትነፋ ነዳጁ 60 ላይ ቀጥ ብሎ እስከ ቀይ መስመሩ ሄደ። ፓምፑ ላይ 13.5 ቮልት። ተርቦው ላይ ግፊት የጨመርኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱንም ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ ወስጄ። እዚህ ኮሎራዶ ፕሪሚየም የሚባለው ቤንዚን 91 ኦክቴን ነው፤ 93 በሚሸጥበት ክፍለ ሀገር የተሠራ ማስተካከያ እንዳለ አይጫንም።

አንድ የቀረ አለ። በእነዚህ ዓመታት የተሠሩ ደብልዩ አር ኤክሶች ላይ የመግቢያው ማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ሥር የነዳጅ ጎማዎች አሉ። ብርድ ሲመጣ ፋሼታቸው ይላላና ያንጠባጥባሉ። የታወቀ በሽታ ነው። አዲሱ ፓምፕ ነገሩን አይፈጥረውም፣ ግን ያባብሰዋል። በመጀመሪያው የበረዶ ጠዋት መኪናውን አስነሥታችሁ ኮፈኖውን ክፈቱና አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተታችሁ አጥፉት፤ ማኒፎልዱን አውርዳችሁ ጎማዎቹን ለውጡ። እኔ በኅዳር አንድ ጠዋት ሸተተኝ። ቅዳሜና እሑዴን በላብኝ።

አሮጌው ፓምፕ አሁንም ይሠራል። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከ8 እና ከ10 ቁጥር ቁልፍ፣ ከአንድ አዲስ ጓርኒሲዮንና ከተረፈችኝ የአር 10 ጎማ ጋር የመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለጋሼ ደውዬ ሁሉንም ስነግራቸው የፓምፑን ስም እንኳ አልጠየቁኝም። «ማሳው ላይ ስንት ቀረ?» አሉኝ።

0.1 አልኳቸው።